የመቅደላው ዘማች ልጅ፦ ሕፃኑን አልጋ ወራሽ ያስጠለሉት እንግሊዛዊ መኮንን

ጂቡቲ ከተማ የሚገኘው የድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ ዛሬ ባቡር አይገባበትም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለው የናጋድ ጣቢያ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለገሃር የሚለው ቃል ‘ጣቢያው’ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ መሆኑን ለሚያስታውስ መንገደኛ ግን አሮጌው ጣቢያ አሁንም የኢትዮጵያ የውጭ በር ሆኖ ይታየዋል። ለረጅም ዘመን ነገሥታት፣ መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና ስደተኞች የወጡትና የገቡት በዚህ በኩል ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 መጨረሻ በዚሁ በር ከገቡት እንግዶች መካከል አንድ የ38 ዓመት እንግሊዛዊ ካፒቴን ይገኙበታል። ስማቸው ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር ነው። ከተጋቡ ገና ጥቂት ወራት የሆናቸው አይሪሻዊት ባለቤታቸው ካትሊን አብረዋቸው ነበሩ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውንም አርግዘዋል። ቴሲጀር የተላኩት አዲስ አበባ የሚገኘውን የእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሚኒስትርነት እንዲመሩ ነበር።

የቴሲጀር ቤተሰብ ግን ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። አባታቸው በ1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር መቅደላ ላይ በአጼ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት፣ ከጄኔራሉ ዋና ዋና መኮንኖች አንዱ ነበሩ። ያ ዘመቻ በንጉሠ ነገሥቱ ሞት ተጠናቀቀ፤ መዛግብቱና ንዋየ ቅድሳቱ ተዘረፉ፤ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ልዑሉ በዚያው በ18 ዓመቱ አረፈ። ከመቅደላ ሦስት ዓመት በኋላ የተወለዱት የዘማቹ ልጅ ደግሞ ከዕለታት አንድ ቀን ሌላ የኢትዮጵያ ልዑል፣ ያውም ጨቅላ ሕፃን፣ በአደራ ይቀበላሉ።

ከመኳንንት ቤት

የቴሲጀር አያት የእንግሊዝ ከፍተኛ የሕግ ባለሥልጣን የነበሩና የሎርድነትን ማዕረግ ለቤተሰቡ ያስገኙ ሰው ናቸው። ሎርድ ቼልምስፎርድ የሚለው ማዕረግ ከእርሳቸው ወደ መቅደላው ዘማች ተላለፈ። እኚህ ሁለተኛው ሎርድ በዓለም ታሪክ የሚታወቁት ግን በመቅደላ ሳይሆን በኢሳንድልዋና ነው። በጥር 1879 በደቡብ አፍሪካ የመሩት ጦር በዙሉ ተዋጊዎች እጅ ወደቀ፤ ከ1,300 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተገደለ። እርሳቸው ከፊሉን ጦር ይዘው ከሰፈሩ ርቀው ስለነበር ተረፉ። ከወራት በኋላ ኡሉንዲ ላይ ዙሉዎችን ድል ቢያደርጉም የኢሳንድልዋና ጥላ ከስማቸው አልለቀቀም። ያን ጊዜ ልጃቸው ዊልፍሬድ ስምንት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከአድዋ 13 ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ የአፍሪካ ጦር ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀን ሠራዊት ሊያሸንፍ እንደሚችል ከአባታቸው ቤት ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዘመኑ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ የሚታነጸው በሦስት ስፍራ ነበር፤ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በጦር ሠራዊትና በክሪኬት ሜዳ። የቴሲጀር ታላቅ ወንድም ፍሬደሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ1890 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የክሪኬት ቡድን አምበል ነበሩ፤ ለሚድልሴክስም ተጫውተዋል። በኋላ የአባታቸውን ማዕረግ ወርሰው ከ1916 እስከ 1921 የሕንድ እንደራሴ ሆነዋል። በ1919 በአምሪትሳር በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ የደረሰው በእርሳቸው ዘመን ነው።

ክሪኬት በእኛ አካባቢ እምብዛም አይታወቅም። ባላገሩ ከሚያውቀው የገና ጨዋታ ጋር ዱላና ኳስ ያመሳስለው ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በገና ዕለት ሎሌው ጌታውን በሩር ቢመታው ጌትየው መቆጣት አይገባውም። በዚያን ዘመን የክሪኬት ሜዳ ግን በደመወዝ የሚጫወተው ተራ ሰውና በነጻ የሚጫወተው ባላባት በአንድ ቡድን ቢሰለፉ እንኳ የመልበሻ ክፍላቸውም ወደ ሜዳ የሚገቡበት በርም ይለያይ ነበር። የእንግሊዝ ግዛተ ዐፄ ሹማምንት ዓለምን የሚያዩት በአብዛኛው በዚህ መነጽር ነው፤ ሕግ አክብሮ መጫወት ትልቅ ነገር ነው፣ ማን በየትኛው በር እንደሚገባም አስቀድሞ ተወስኗል።

ዊልፍሬድ ጊልበርት ሥራቸውን የጀመሩት በ1890ዎቹ፣ በኦቶማን ግዛት በቫን ሐይቅ አካባቢ ሲሆን ዘመኑ አርመኖች የሚጨፈጨፉበት ነበር። ከዚያ በደቡብ አፍሪካ የቦር ጦርነት በፈቃደኛ ፈረሰኞች ጦር ውስጥ ተዋግተው ለመኮንኖች ከሚሰጡት ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻኖች አንዱን ተቀበሉ። ቀጥሎ ወደ ቤልግሬድ ተላኩ። በ1903 የሰርቢያው ንጉሥ አሌክሳንደርና ንግሥቲቱ ድራጋ በገዛ መኮንኖቻቸው በቤተ መንግሥት ሲገደሉ ቴሲጀር እዚያው ነበሩ። ለንደን በድርጊቱ ተቆጥታ ሚኒስትሯን ስታስወጣ የሌጋሲዮኑ ጉዳይ በእርሳቸው ላይ ወደቀ። የዙፋን ግልበጣ ምን እንደሚመስል በቅርብ ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉም በላይ ስለ ሰውየው ጠባይ የሚናገረው ግን የኮንጎ ቆይታቸው ይመስለኛል። በ1908 ቦማ በቆንስልነት ሳሉ ወደ ካሳይ ወንዝ አካባቢ ዘልቀው ለወራት ተዘዋወሩ። የኩባ ሕዝብ ለጎማ ለቀማ እንዴት እየተገደደ እንደነበር፣ እርሻው እንዴት እንደ ጠፋና ቤቱ እንዴት እንደ ፈረሰ አዩ። መንገድ ያሳዩአቸው ጥቁር አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ዊሊያም ሼፐርድ ነበሩ። ቴሲጀር የጻፉት ሪፖርት የካሳይን የጎማ ኩባንያ ክፉኛ ጎዳ፤ ኩባንያው ሼፐርድን ስም በማጥፋት በ1909 ከስሶ ቢያቆማቸውም ሳይሳካለት ቀረ። በንጉሥ ሊዮፖልድ ዘመን የተፈጸመውን ግፍ ለዓለም ካጋለጡት ጽሑፎች መካከል የቴሲጀር ሪፖርት ተገቢውን ስም ያገኘ አይመስለኝም። እርግጥ ነው፣ እንግሊዝ በሌላው ቅኝ ገዢ ላይ ጣት መቀሰር አይከብዳትም ነበር። ሰውየው ግን በእግራቸው ሄደው አይተዋል፤ ያዩትንም ጽፈዋል።

በቅሎና ደጋ

ጂቡቲ በ1909 ገና ወጣት ከተማ ነበረች። ፈረንሳዮች መቀመጫቸውን ከኦቦክ ወደዚያ ካዛወሩ ሃያ ዓመት አልሞላም። ከወደቡ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በሆልሆል ሸለቆ ላይ በተዘረጋው የብረት ድልድይ ተሻግሮ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ድሬዳዋ ላይ ይቆም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የበቅሎ ነው። ነፍሰ ጡሯ ካትሊንና ባለቤታቸው ድንኳን፣ ስንቅና የቤት ዕቃ ጭነው በጨርጨር ተራሮች በኩል ሳምንታት ፈጅተው ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ደረሱ። ልጃቸው ዊልፍሬድ በሰኔ 1910 በሌጋሲዮኑ ግቢ ተወለደ። ያን ጊዜ የድንጋዩ ሕንጻ ገና አላለቀም፤ መኖሪያቸው ክብ የጭቃ ግድግዳ ያላቸው የሣር ጎጆዎች ነበሩ። ከእርሱ በኋላ ሦስት ወንድሞች ተወለዱ።

ቴሲጀር የደረሱባት ከተማ ንጉሠ ነገሥት እያላት ንጉሠ ነገሥት የሌላት ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በስትሮክ ተመተው አንደበታቸው ተዘግቷል። እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1910 ከሥልጣን ተገለሉ። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በዓመቱ አረፉ። ምኒልክም በታኅሣሥ 1913 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። አልጋው በወጣቱ ልጅ ኢያሱ እጅ ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ደግሞ ገና በ1906 ኢትዮጵያ ብትበታተን ማን ምን እንደሚይዝ ተነጋግረው ተፈራርመዋል። የቴሲጀር ሥራ በዚህ ውል ውስጥ የአገራቸውን ጥቅም መጠበቅ ነበር፤ የዓባይንና የጣናን ውኃ ጉዳይ መከታተል፣ በደቡብ ድንበር ላይ የባሪያ ፈንጋዮችንና የዝሆን አዳኞችን ወረራ መቃወም።

ሌላው ራስ ምታታቸው ጂቡቲ ነበረች። በፈረንሳዩ ወደብ በኩል የሚገባው ጠመንጃ በኢትዮጵያ አልፎ በእንግሊዝ ሶማሌላንድ በሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ወደሚመሩት ደርቪሾች እየደረሰ ነው ሲሉ እንግሊዞች ያለማቋረጥ ያማርሩ ነበር። ለፈረንሳዮች ግን የመሣሪያ ንግዱ ወደቡን ያቆመ ገቢ ነው። የአንዱ ኮንትሮባንድ ለሌላው ጉምሩክ መሆኑ በዚህ የባሕር ዳርቻ አዲስ ነገር አይደለም።

የ1916 መስከረም

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲቀጣጠል አዲስ አበባ የትንሽ አውሮፓ ሜዳ ሆነች። የጀርመንና የኦቶማን መልእክተኞች ኢያሱን ወደ እነርሱ ወገን ለመሳብ ይጥራሉ፤ የሦስቱ አጋር መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ይህን ለማክሸፍ። ኢያሱ ከሶማሌና ከአፋር ባላባቶች ጋር ተወዳጅተው፣ ተጋብተውና መስጊድ አሠርተው፣ በ1916 ክረምት እስከ ጂቡቲ ድረስ ወርደው የሙስሊም መሪዎችን አነጋገሩ። ለሸዋ መኳንንትና ለቤተ ክህነት ይህ ክህደት ነበር። የዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ በሌላ ዐይን ያዩታል፤ ለሙስሊሙ ሕዝብ በመንግሥቱ ውስጥ ቦታ ለመስጠት የተደረገ፣ ምናልባትም ያልበሰለ ሙከራ አድርገው። ከጂቡቲ ሆኖ ለሚያነብ ሰው የኋለኛው ንባብ ይበልጥ ይቀርበዋል።

ቴሲጀር በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አልነበሩም። ኢያሱን አይወዱም ነበር፤ ለለንደን የጻፏቸው ደብዳቤዎችም ይህን አይሸሽጉም። ጳጉሜን አልፎ አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 12 ቀን 1916 እንደ አውሮፓውያን፣ የሦስቱ አገሮች ተወካዮች በኢያሱ አካሄድ ላይ ይፋ ተቃውሞ አቀረቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ኢያሱን ሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱን ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ መኮንንን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ሐረር በአዲሶቹ ኃይሎች እጅ ስትገባ የሙስሊሞች ደም ፈሰሰ። ኢያሱ ወደ አፋር ምድር ሸሹ።

ነገሩ ግን አላበቃም። የኢያሱ አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገሰገሱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ ከነጦራቸው አለቁ። ዜናው አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዋ ተሸበረች። ንጉሥ ሚካኤል ቢያሸንፉ የራስ ተፈሪ ቤት ምን እንደሚደርስበት ማንም አያጣውም። የኢትዮጵያ ዙፋን ታሪክ ለተሸናፊ ልጆች ርኅሩኅ ሆኖ አያውቅም፤ በወህኒ አምባ የተዘጉት ልዑላን ምስክሮች ናቸው።

ራስ ተፈሪ በሐምሌ የተወለደ ልጅ ነበራቸው፤ አስፋ ወሰን። ወደ ጦር ሜዳ ሲወጡ ይህን ሦስት ወር ያህል የሆነውን ሕፃን ለቴሲጀር በአደራ ላኩት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ሌጋሲዮኑ ጥቂት የሕንድ ፈረሰኛ ጠባቂዎች ብቻ ያሉት ግቢ ነው፤ ውስጡም የቴሲጀር የራሳቸው ባለቤትና ሕፃናት ልጆች ይኖራሉ። የወሎ ጦር ከተማዋን ቢይዝና ልጁን አምጡ ቢል፣ በሩን የሚጠብቀው ወረቀት ላይ የተጻፈ የዲፕሎማሲ ሕግ ብቻ ይሆን ነበር። ቴሲጀር ፖለቲካዊ ስሌት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ ራስ ተፈሪ የሚያሸንፉ ከሆነ እንግሊዝ ባለውለታ ትሆናለች። ነገር ግን ያን ቀን ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተሸናፊውን ልጅ ደብቆ መገኘት ደግሞ ለሌጋሲዮኑም ለገዛ ልጆቻቸውም አደጋ ነው። ቴሲጀር ሕፃኑን ተቀበሉ።

ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ሜዳ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። የድሉ ሰልፍ በጃን ሜዳ ሲደረግ፣ በሰንሰለት የታሰሩትን ሽማግሌ ንጉሥ በንግሥቲቱ ፊት ሲያልፉ ካዩት መካከል የስድስት ዓመቱ የቴሲጀር ልጅ አንዱ ነበር። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪክ፣ የዕድሜ ልክ ፍላጎቱን የወሰነው የዚያን ቀን ትዕይንት እንደ ሆነ ገልጿል። ሕፃኑ አስፋ ወሰን ግን ወደ ባሕር ማዶ አልተወሰደም። ወደ ወላጆቹ ተመለሰ።

መመለስ

በ1917 የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ደረሰ። ቴሲጀር በበቅሎ ሳምንታት የፈጁበትን መንገድ አሁን በፉርጎ ተቀምጠው መውረድ ቻሉ። በ1918 ቤተሰቡን ይዘው ወደ ሕንድ ተሻገሩና የእንደራሴው ወንድማቸው እንግዳ ሆኑ። ያን ጊዜ አንዱ ወንድም ሦስት መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ይገዛ ነበር፤ ሌላው ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ደብዳቤ ይጽፋል። በ1919 ቴሲጀር ኢትዮጵያን ለቀው ሄዱ። ዐሥር ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በጥር 1920፣ በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ብራይተን ከተማ፣ አንድ ማለዳ ጢማቸውን ሲላጩ ድንገት ወድቀው አረፉ። ዕድሜያቸው 48 ነበር። ካትሊን አራት ወንዶች ልጆችን ይዘው ቀሩ፤ ትልቁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ራስ ተፈሪ ግን አልረሱም። በ1924 በጂቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ ተጉዘው ለንደን ሲደርሱ ባልቴቲቱንና የበኩር ልጃቸውን አስጠርተው አነጋገሩ። ልጁ ወደ ተወለደበት አገር መመለስ እንደሚናፍቅ ሲነግራቸው አንድ ቀን እንግዳቸው እንደሚሆን ተስፋ ሰጡት። በ1930 ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ፣ በኦክስፎርድ ተማሪ ለነበረው ለሃያ ዓመቱ ዊልፍሬድ የግል የጥሪ ወረቀት ላኩለት። ከየአገሩ የመጡት ልዑካን ከመርከብ ወርደው ባቡር በሚሳፈሩበት በጂቡቲ በኩል እርሱም ገባ። በ1934 ደግሞ የአዋሽን ወንዝ እስከ መጥፊያው ተከትሎ፣ የአውሳን ሱልጣን ፈቃድ አግኝቶ፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ታጁራ ደረሰ፤ ከዚያም ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ወላጆቹ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ወደ ወረዱባት ጂቡቲ ገባ። በዓረቢያ በረሃዎች ጉዞው ዓለም ያወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይህ ልጅ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ሊይዝ ሲቃረብ፣ ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በሌሊት ባቡር ወደ ጂቡቲ ወረዱ። ግንቦት 4 ቀን 1936 ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። በዚያ የወደብ መድረክ ላይ ካለፉት መካከል አሁን የ19 ዓመት ወጣት የሆነው አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ይገኝበታል። ለሁለተኛ ጊዜ የእንግሊዝ ባንዲራ ጥላ ሆነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ያቺው እንግሊዝ ለአባቱ አገር አልደረሰችለትም። አስፋ ወሰን ከአብዮቱ በኋላ ዳግም በስደት ኖሮ በ1997 በአሜሪካ ቨርጂኒያ አረፈ።

በ1941 ኦርድ ዊንጌት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም ሲገቡ፣ ከመኮንኖቻቸው አንዱ የቴሲጀር ልጅ ነበር። ከአርበኞችና ከሱዳን ወታደሮች ጋር ሆኖ በወሎ ምድር የአጊባርን ምሽግ ከበበ፤ በግቢው የነበረው ከሁለት ሺህ በላይ የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። ለዚህ አገልግሎቱ የተሸለመው ኒሻን አባቱ ከአርባ ዓመት በፊት በደቡብ አፍሪካ የተቀበሉት ያው ኒሻን ነው። አያቱ ከናፒየር ጋር የወጡባት መቅደላም በዚያው በወሎ ትገኛለች።